ዝናቡ ቢያባራም ውሃው ገና መንገድ ላይ ነው
ከቫን ናይስ እስከ ሳን ጋብርኤል ተራሮች፤ ከዝናብ በኋላ በእግር ለሚጓዙ ወገኖች

ሎስ አንጀለስ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት አገር ቤትን ትመስላለች። ዝናቡ ጥሎ ካባራ በኋላ፣ በተለይም በማርችና በኤፕሪል፣ የሳን ፈርናንዶን ሸለቆ የከበቡት ቡናማ ኮረብቶች አረንጓዴ ይለብሳሉ። ቢጫው የዱር ሰናፍጭ ዳገቱን ሲሸፍነው ደግሞ መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ የፈነዳ ይመስላል። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ወደ ሥራ፣ ከፍሪዌይ ወደ ፍሪዌይ ሲሮጥ የከረመው ወገናችን ልጆቹን ይዞ፣ ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ ወላጆቹን ደግፎ ወደ ኮረብታው ብቅ የሚለው በዚሁ ሰሞን ነው። መልካም ልማድ ነው፤ ለጤናም ለመንፈስም ይበጃል።

ሆኖም ከዓመቱ ሁሉ የሚያምረው ይኸው ሰሞን፣ በእግር ለሚሄድ ሰው ተንኮለኛ ሰሞንም ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአባቶች አባባል ለአባይና ለአዋሽ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለቫን ናይስም ይሠራል። ዶፍ እየወረደ ተራራ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው የሚወጣው በማግስቱ፣ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ስትወጣ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሰማዩ ጠራ ማለት መሬቱ ረጋ፣ ወንዙ ጎደለ ማለት አይደለም። ከላይ የወረደው ውሃ ገና በመንገድ ላይ ሊሆን ይችላልና።

(በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መናፈሻ የሚመስለው የጎርፍ ማጠራቀሚያ

በቫን ናይስ፣ በሬሲዳ ወይም በሸርማን ኦክስ የሚኖር ሰው ሴፑልቬዳ ቤዚን የተባለውን ሰፊ ሜዳ ሳያውቅ አይቀርም። ሌክ ባልቦዋ፣ ውድሊ ፓርክ፣ የጎልፍ ሜዳዎቹ፣ የወፎች መጠለያው፣ የብስክሌትና የእግር መንገዶቹ ሁሉ የሚገኙት እዚያው ውስጥ ነው። ማለዳ ማለዳ ሐይቁን እየዞሩ በእግር የሚንሸራሸሩ፣ ቅዳሜና እሑድ ሥጋ የሚጠብሱ፣ የልጅ ልደት የሚያከብሩ ቤተሰቦች ቦታውን የሚያውቁት በመናፈሻነቱ ነው።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ይህ ሜዳ በመጀመሪያ የተዘጋጀው ለመዝናኛ ሳይሆን ለጎርፍ ነው። የ405 እና የ101 ፍሪዌዮች ከሚገናኙበት አጠገብ የሚታየው የሴፑልቬዳ ግድብ በአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ተሠርቶ የተጠናቀቀው በ1941 ነበር። ይህ ግድብ እንደ ቆቃ ወይም እንደ ፊንጫ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚይዝ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ያለው መሬት ደረቅ ሆኖ ይቆይና፣ ወንዙ ሲሞላ ብቻ ውሃው ወደ ኋላ ተኝቶ ሜዳውን እንዲሸፍነው ይደረጋል። ይኸውም ከታች ያለው ከተማ እንዳይጥለቀለቅ ነው። ባጭሩ፣ ያ ሜዳ በጎርፍ ጊዜ ሐይቅ እንዲሆን ታስቦ የተተወ መሬት ነው።

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1992 የሆነውም ይኸው ነበር። ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሞላ፤ ውሃው በአጭር ጊዜ ውስጥ በሜዳው መካከል የሚያልፈውን በርባንክ ቡለቫርድን አጥለቀለቀው። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ የሚጓዙ ብዙ አሽከርካሪዎች መሄድም መመለስም አቅቷቸው በመኪናቸው ጣሪያ ላይ ወጥተው እርዳታ ሲጠባበቁ ታዩ። ከነዚሁ መካከል በሄሊኮፕተር ተነሥተው የተረፉ አሉ። በየቀኑ የሚሄዱበትን መንገድ ሐይቅ ሆኖ ያገኙት ሰዎች አዲስ መጤዎች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ሰፈሩን የሚያውቁ ነበሩ።

ዛሬም ዝናብ በበረታ ቁጥር በዚያ ሜዳ ውስጥ የሚያልፉት መንገዶች ይዘጋሉ። ውሃው ከጎደለ በኋላም ቢሆን የእግረኛው መንገድ ለቀናት በደለል እንደተሸፈነ ይቆያል። በወንዙ ዳር በእግር የሚሄድ ሰው ቀና ብሎ ዛፎቹን ቢመለከት፣ ከሰው ቁመት በላይ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ላስቲክና ጨርቅ ያያል። ነፋስ ያመጣው ቆሻሻ ብቻ አይደለም፤ ውሃው እስከ የት ደርሶ እንደነበር የሚናገር ምልክት ነው።

ወንዝ የማይመስለው ወንዝ

የሎስ አንጀለስ ወንዝ ከካኖጋ ፓርክ ተነሥቶ፣ ሸለቆውን አቋርጦ፣ በመሐል ከተማው በኩል አልፎ ሎንግ ቢች ላይ ከባሕር እስኪገባ 51 ማይል ይጓዛል። አገር ቤት ወንዝ አይቶ ያደገ ሰው ይህን ወንዝ ሲያይ ይስቃል። በበጋ ወራት በሲሚንቶ ቦይ መካከል የምትንፎለፎል ቀጭን ውሃ ናትና።

ቦዩ የተሠራው ግን በቀልድ አይደለም። በማርች 1938 የደረሰው ጎርፍ በደቡብ ካሊፎርኒያ ከመቶ በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ድልድዮችን ነቀለ፤ የባቡር መስመሮችን ቆረጠ። ከዚያ በኋላ ነው አብዛኛው የወንዙ ክፍል በኮንክሪት የታሰረው። የኮንክሪቱ ዓላማ አንድ ነው፤ ውሃውን በተቻለ ፍጥነት ወደ ባሕር ማድረስ። ከተማዋን ያዳናት ይኸው ፍጥነት ታዲያ በቦዩ ውስጥ ለተገኘ ሰው መጥፊያው ነው። ኮንክሪቱ ለስላሳና ተዳፋት ስለሆነ የሚጨበጥ ሥር፣ የሚረገጥ ድንጋይ የለውም።

በ1992ቱ ጎርፍ ጊዜ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን፣ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ውድላንድ ሂልስ አካባቢ ውሃው ወሰደው። የነፍስ አድን ሠራተኞች በየድልድዩ እየቀደሙ ሊይዙት ሞከሩ፤ ሕዝቡም በቴሌቪዥን እያየው ከእጃቸው አመለጠ። ልጁ አልተረፈም። ከዚያ አሳዛኝ ቀን በኋላ ነው በከተማውና በካውንቲው በፈጣን ውሃ ላይ ነፍስ ለማዳን የሠለጠኑ ልዩ ቡድኖች የተደራጁት። እነሱ ዛሬም አሉ፤ ነገር ግን በዚያ ፍጥነት ለሚሄድ ውሃ ማንም ቢሆን ሁልጊዜ አይደርስበትም።

ትንሽ ዝናብ፣ ትልቅ ጉዳት

«ይህም ዝናብ ሆኖ!» የሚሉ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። ሲታይ እውነት አላቸው። በመሐል ሎስ አንጀለስ በዓመት የሚዘንበው በአማካይ 14 ኢንች ያህል ነው። ይህም አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ሲሶው ገደማ ነው። ልዩነቱ አዘናነቡ ላይ ነው። አዲስ አበባ ዝናቧን በክረምቱ ወራት ውስጥ ተከፋፍላ ስታገኝ፣ ሎስ አንጀለስ ግን የዓመቱን ግማሽ በሦስት ቀን ልትቀበል ትችላለች። በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ከ8 ኢንች በላይ ዘነበ፤ በከተማዋ ውስጥ ብቻ ከ400 በላይ የጭቃ ናዳዎች ተመዘገቡ።

ተራራው ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚነሣው ደመና ከሳን ጋብርኤል ተራሮች ጋር ሲላተም ወደ ላይ ይገፋል፤ ይቀዘቅዛል፤ የያዘውን ሁሉ እዚያው ያራግፋል። በጃንዋሪ 1943 በነዚሁ ተራሮች፣ ሆጊስ ካምፕ በተባለ ሥፍራ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 26 ኢንች ዝናብ ተመዝግቧል። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከግማሽ የሚበልጥ ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ ቫን ናይስ ላይ ካፊያ የነበረው ተራራው ላይ ዶፍ ሊሆን ይችላል። ከቤት መስኮት አይቶ መፍረድ የማይቻለውም ለዚህ ነው።

እሳት ያለፈበት ኮረብታ

በዚህ አገር ጎርፍና እሳት ዘመዳሞች ናቸው። እሳት ካለፈ በኋላ አፈሩን ይዞ የሚያቆመው ሣርና ቁጥቋጦ ይጠፋል። ከዚህም በላይ የተቃጠለው ቁጥቋጦ የሚተወው ሰም መሰል ነገር አፈሩ ውስጥ ገብቶ ውሃ እንዳይሰርግ ያግዳል። ዝናቡ ሲመጣ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያንሸራትተዋል። በቅርብ በተቃጠለ ተዳፋት ላይ በግማሽ ሰዓት ውስጥ 7 ሚሊሜትር ብቻ ዘንቦ የጭቃ ናዳ የተነሣበት ጊዜ መኖሩን የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ይገልጻል።

«አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንደሚባለው ሁሉ፣ ይህም ናዳ የሚመጣው ብቻውን አይደለም። አመድ፣ ጭቃ፣ የተቃጠለ ግንድና መኪና የሚያህል ቋጥኝ አዝሎ ይመጣል። በኖቬምበር 1933 ከላ ክሬሴንታ በላይ ያለው ተራራ ተቃጠለ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በ1934 የአዲስ ዓመት ዕለት፣ ከዚያው ተራራ የወረደው ናዳ ሞንትሮዝና ላ ክሬሴንታ ላይ በርካታ ሰዎችን ገደለ። ከጎርፍ ለመሸሽ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተጠልለው የነበሩም አልተረፉም። በጃንዋሪ 2018 ሞንቴሲቶ ላይ እንዲሁ 23 ሰዎች ጠፉ፤ ቶማስ የተባለው ትልቅ እሳት ተራራውን ካቃጠለው አንድ ወር ገደማ ብቻ ነበር ያለፈው።

በጃንዋሪ 2025 ፓሊሴድስንና አልታዲናን ያወደሙት እሳቶች ሰፊ ተራራ ራቁቱን አስቀርተዋል። በፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ዝናብ ሲመጣም ከፓሊሴድስ በላይ ያለው ኮረብታ ጭቃውን ወደ ባሕር ዳሩ መንገድ አፈሰሰው። እንዲህ ያለ ኮረብታ ተመልሶ እስኪጠና ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ይፈጃል። አረንጓዴ መልበሱ ብቻ አያስተማምንም። የአንድ ወቅት ሣር ሥሩ አጭር ነው፤ ተራራ አይዝም።

መንገዱ ራሱ ምን ይሆናል?

እሳት ባልነካው ኮረብታም ቢሆን ከዝናብ በኋላ የእግረኛው መንገድ እንደነበረው አይገኝም። በሳንታ ሞኒካ ተራሮችና በግሪፊዝ ፓርክ ብዙው መንገድ የተዳፋቱን ጎን ተከትሎ የተቆረጠ ነው። ውሃ ጠርዙን ከሥር ይቦረቡረዋል። ከላይ ሲታይ ደህና የሚመስለው ጠርዝ የሰው ክብደት ሲያርፍበት ይናዳል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቀን መሄድ የሚያሻው በገደሉ በኩል ሳይሆን ወደ ተራራው ተጠግቶ ነው።

ድንጋይ የሚወርደው በዝናቡ ሰዓት ብቻ አይደለም። አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ከከበደ በኋላ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ቆይቶ ይንሸራተታል። በማርች 2024 የቶፓንጋ ካንየን መንገድን የዘጋው ናዳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የክረምቱ ዝናብ ቀስ በቀስ ያጠገበው ተራራ ተንዶ መንገዱን ከሁለት ወር በላይ ዘግቶታል። ሥሩ የረጠበ ትልቅ ዛፍም እንዲሁ ነው፤ ነፋስ ባይኖርም ይወድቃል።

ጭቃው ራሱ ሌላ ነገር ነው። እርጥብ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ራሱ ይንሸራተታል፤ መንገዱንም ያበላሻል። ጭቃውን ለመሸሽ በዳር በዳር ሲረገጥ መንገዱ ይሰፋል፤ ሣሩ ይሞታል፤ የሚቀጥለው ዝናብም ያንኑ ይዞት ይሄዳል። ጫማው ላይ ጭቃ የሚከመርበት ሰው መመለስ ይኖርበታል። ሁለት ሦስት የፀሐይ ቀን መጠበቅ ለእግረኛውም ለመንገዱም ደግ ነው።

ከፍ ወዳለው ተራራ የሚሄዱ ደግሞ በረዶውን ይወቁ። ማውንት ቦልዲ 3,070 ሜትር ገደማ ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ ዝቅ ይላል። እንጦጦን በነጠላ ጫማ የወጣ ሰው ታዲያ ቢንቀው አይፈረድበትም። ነገር ግን እንጦጦ ላይ ዝናብ የሆነው እዚያ በረዶ ነው። ቀን በፀሐይ የሟሟው ሌሊት ተመልሶ እንደ መስታወት ይጠነክራል። በጃንዋሪ 2023 ልምድ ያለው ተራራ ወጪ የነበረው እንግሊዛዊው የፊልም ተዋናይ ጁልያን ሳንድስ የጠፋው እዚያ ነው፤ አስከሬኑ የተገኘው በጁን ነበር። ጫማ ላይ የሚታሰር የብረት ጥርስ የሌለው፣ አጠቃቀሙንም ያልተማረ ሰው በረዶው ሳይጠፋ ወደዚያ ባይሄድ ይመረጣል።

ደራሽን የማያውቁ ልጆች

የሚገርመው ግን ከዚህ ሁሉ ዋና የሆነውን ቁም ነገር አገር ቤት ያደገ ሰው ከልጅነቱ የሚያውቀው መሆኑ ነው። ደራሽ ውሃ ምን እንደሆነ ለእረኛ አይነገረውም። እሱ ያለበት ቦታ ፀሐይ ነው፤ ላይኛው አገር ግን ጥቁሯል። ወንዙ ድምፁን ይለውጣል፤ ጥርት ያለው ውሃ ይደፈርሳል፤ ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣት ይጀምራል። ያን ጊዜ እረኛው ከብቱን ከወንዙ ያወጣል እንጂ ቆሞ አይመለከትም።

በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት ሲመታትና ከሁለት መቶ በላይ ወገኖቻችንን ሲወስድ፣ አብዛኛው ውሃ የመጣው ከከተማዋ በላይ ካለው ደጋ ነበር። በዓመቱ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየው ያ ወንዝ ከሎስ አንጀለሱ ብዙም አይለይም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ሁለተኛው ናዳ ደርሶባቸው አብረው ቀርተዋል። ከ200 በላይ ሰው ያለቀበት ያ አደጋ የሚያስተምረው መራራ ነገር አለ። አንዴ የተናደ ተራራ ገና አልጨረሰም።

እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ግን ይህን አያውቁም። ወንዝን የሚያውቁት በአጥር የተከለለ የሲሚንቶ ቦይ አድርገው ነው። ወላጅም በበኩሉ «ይህ የሠለጠነ አገር ነው፤ አደጋ ቢኖር ኖሮ ይዘጉት ነበር» ብሎ ይዘናጋል። ልጁ ደራሽን አያውቅም፤ አባቱ የሚያውቀውን ረስቷል። አደጋው የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ከቤት ከመውጣት በፊት

ወደ ኮረብታ ለመሄድ ያሰበ ቤተሰብ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች ብዙ አይደሉም።

አንደኛ፣ የብሔራዊ የአየር ትንበያ አገልግሎትን ማስታወቂያ መመልከት። የሚታየውም የቫን ናይስ ብቻ ሳይሆን የተራራው ትንበያ ነው። «ፍላሽ ፍለድ ዎች» ከተባለ ደራሽ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው፤ «ፍላሽ ፍለድ ዎርኒንግ» ከተባለ ግን መጥቷል ወይም እየመጣ ነውና ወዲያውኑ ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን መጠየቅ። የከተማው መናፈሻ ከሆነ በ311 መደወል፣ የአንጀለስ ብሔራዊ ደን ከሆነ የደን አገልግሎቱን ማስታወቂያ ማየት ይቻላል። «ትሬይል ክሎዝድ» የሚል ሰሌዳ ምክር አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። በብሔራዊ ደን ውስጥ የተዘጋ ቦታ ጥሶ መግባት እስከ 5,000 ዶላር ቅጣትና እስከ 6 ወር እስራት ሊያስከትል ይችላል።

ሦስተኛ፣ የሚፈስ ውሃ አለመድፈር። 6 ኢንች ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ፣ ማለትም ከቁርጭምጭሚት ብዙም የማይበልጥ፣ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። 12 ኢንች ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 2 ጫማ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። የደፈረሰ ውሃ ደግሞ ሥሩ ስለማይታይ ጥልቀቱ በዓይን አይለካም። ጠዋት በድንጋይ ላይ ተረግጦ የተሻገሩት ጅረት ከሰዓት በኋላ ላያስመልስ ይችላል።

አራተኛ፣ የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ እቤት ለቀረ ሰው መናገር። ካንየን ውስጥ ብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም። አደጋ ከደረሰም በ911 ደውሎ «አምሃሪክ» በማለት አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

አምስተኛ፣ ዝናብ ከጣለ በኋላ ለሦስት ቀን ያህል ከወንዙና ወንዙ ከሚገባበት የባሕር ዳር ውሃ ልጆችን ማራቅ። የከተማው መንገድና ቱቦ እጣቢ ሁሉ የሚወርደው እዚያ ነውና።

ለእናትና ለአባት መንገር

በመጨረሻ አንድ ጉዳይ ይቀራል። ሳይሬን እየጮኸ በእጅ ስልክ ላይ የሚደርሰው የአደጋ ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ወይም በስፓኒሽ ነው፤ በአማርኛ አይመጣም። በየጠዋቱ ልጆቻቸው ወደ ሥራ ሲሄዱ ነጠላቸውን አጣፍተው በሌክ ባልቦዋ ዙሪያ ወይም በወንዙ ዳር የሚንሸራሸሩ እናቶችና አባቶች ብዙዎቹ ያንን ጽሑፍ አያነቡትም። ድምፁን ሲሰሙ ስልኩ የተበላሸ መስሏቸው የሚያጠፉትም አይጠፉም።

ስለዚህ ዝናብ በዘነበ ሰሞን ወደ ሥራ ከመውጣት በፊት ሦስት ደቂቃ ወስዶ ለእናት፣ ለአባት፣ ለአክስት ማስረዳት ያስፈልጋል። ያ ጩኸት ሲሰማ ከወንዝ ራቁ፣ ወደ ከፍታ ውጡ ማለት ነው። ቀይ ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ወይም ቢጫ ጥብጣብ ካያችሁ ተመለሱ። እንዲህ ብሎ በአማርኛ መንገር የሚችል የከተማው መሥሪያ ቤት የለም። የሚችለው የቤቱ ልጅ ነው። ደራሽ ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ እናት በተራዋ ለልጅ ልጆቿ ትንገራቸው፤ ከማንም በተሻለ የምታውቀው እሷ ናትና።